ያገለገለ መኪና ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ይግባ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ ኢትዮጵያ አይገባም ሲሉ የከተማው ምሁር አጨበጨበ። መገናኛ ብዙኃንም «ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር» እያሉ ዜናውን አስተጋቡት። ቅር ያለው የመኪና ነጋዴ ነበር፤ የነጋዴ ቅሬታ ደግሞ በእኛ አገር ጆሮ የሚሰጠው የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ አስተሳሰብ ያለ ተከራካሪ ሰፍኗል። ያገለገለ የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት የባለጸጋ አገር ውራጅ መልቀም ነው፤ አየር ይበክላል፣ ዶላር ይጨርሳል፣ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ በሩ መዘጋቱ አገርን ማዳን ነው ይባላል። በስብሰባም፣ በቴሌቪዥን ውይይትም፣ ቡና ሲጠጣም የምሰማው ይህንኑ ነው።

እኔ በሩ መዘጋቱ ስህተት ነው እላለሁ። ስህተትነቱ አዲስ አበባ ላይ ላይታይ ይችላል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ግን በግልጽ ይታያል፤ እዚያ የሚከፈለው ዋጋም የገንዘብ ብቻ አይደለም።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ በክምር ድንጋይና በጋሳይ በኩል፣ የጉናን ተራራ በቀኝ እየተወ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ታች ጋይንት ከአርብ ገበያዋ፣ ስማዳ ከወገዳዋ ጋር ይመጣሉ። በምዕራቡ በኩል መካነ ኢየሱስን ይዞ እስቴ አለ። ደጋው በገብስና በድንች ይኖራል፤ ቆላው እስከ አባይና እስከ በሽሎ ይወርዳል። ከጉና ራስ እስከ አባይ ዳር ያለው ቁልቁለት ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አስፋልቱ የዋናው መንገድ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወጣ ሲሉ የእግር መንገድ ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ጠጠሩም ጭቃ ይሆናል፤ ጅረት ሲሞላ መኪናው ወዲህ፣ ተሳፋሪው ወዲያ ሆነው ውሃው እስኪጎድል ይጠባበቃሉ። ከእስቴ ቁልቁል፣ ወደ ጎጃሙ ሞጣ የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ከፈረሰ በኋላ ሰው ለአሥርት ዓመታት በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። መሻገር ማለት በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር።

በዚህ ምድር ላይ ከባድ ነገር በመንኮራኩር ማንቀሳቀስ ምን እንደሚጠይቅ ከአፄ ቴዎድሮስ የበለጠ ምስክር የለም። በጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሱ። ጋይንትን አቋርጠው፣ የጨጨሆን ዳገት ወጥተው፣ ጂዳንና በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። ስድስት ወር ያህል የፈጀባቸው መድፉን መጎተቱ ብቻ አይደለም፤ መንገድ እየቆረጡ፣ ገደል እየናዱ መሄዳቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። መንገድ ሳይቆረጥ መንኮራኩር እንደማይሄድ ቴዎድሮስ ያውቁ ነበር። የዛሬው ውሳኔ ግን የኤሌክትሪክ መስመር ሳይዘረጋ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ሳይተከል፣ መካኒክ ሳይሠለጥን ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ይግባ ይላል።

ከቴዎድሮስ ጉዞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በደርግ ዘመን፣ ቻይናዎች የወረታ ወልድያን መንገድ ሠሩ። ጋይንት ከሩቅ ገበያ ጋር የተገናኘው በዚያ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የአገሬውን ሰው ሲያመላልስ የኖረው መኪና ሌላ ቦታ አገልግሎ የመጣ መኪና ነው። አሮጌው ዶልፊን፣ አሮጌው ላንድክሩዘር፣ ሦስትና አራት ባለቤት የቀያየረው አይሱዙ፤ ጋይንትን ወደ ደብረ ታቦር፣ ስማዳን ወደ ጋይንት ያደረሱት እነዚህ ናቸው።

ውሳኔው የሚመለከተው አውቶሞቢልን ነው፣ የግል መኪናን ነው፣ ገጠሩን ምን ይነካዋል የሚል ተከራካሪ አለ። ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ በእርግጥ የግል መኪና የግል ነው። ኮድ 2 የለጠፈ ቪትዝ ባለቤቱን ቢሮ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ማታ ግቢ ገብቶ ይቆማል። ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ላይ ግን መኪና የግል ሆኖ አያውቅም። ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ከቀበሌ የመጡ ጎረቤቶች የሚያንኳኩት የባለ መኪናውን በር ነው፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል፣ ወይም ጎማው አልቋል፣ ወይም ነዳጅ የለውም። ሆስፒታል ያረፈ ሰው አስከሬን ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው በዚያው መኪና ነው። ሙሽራ የሚያመጣ፣ ለተዝካር በርበሬና ዘይት የሚጭን፣ ለፈተና የሚሄዱ ተማሪዎችን የሚያደርስ እሱ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። እንዲህ ያለ መከራ ባየ አገር ላይ ሕመምተኛን የማድረስ ሸክም በመንግሥት አምቡላንስ ላይ ብቻ ይደር ማለት ሕመምተኛውን መንገድ ላይ መተው ነው። አውቶሞቢል የቅንጦት ዕቃ ነው ብሎ ሕግ የሚያወጣ ሰው ይህን አላየም፤ አይቶ ከሆነም አልቆጠረውም።

ታዲያ ያ መኪና ወገዳ እንዴት ደረሰ? የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ሻኬን የሚባለውን የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። ምርመራው ውድ ነው፤ መኪናው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚጠየቀው ጥገናና ወጪ ስለሚበዛ ብዙው ባለቤት ገና ደህና ሳለ ይሸጠዋል። መኪናው በጨረታ ወደ ውጭ ነጋዴ እጅ ይገባል። እኛ በቀኝ የምንነዳ ስለሆንን መሪው በግራ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከጃፓን የሚነሳው ዱባይ ላይ መሪው ተዛውሮ፣ ወይም ከመነሻው መሪው በግራ የሆነው ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባ ነበር። ቀረጡ ተከፍሎ፣ ታርጋ ወጥቶለት አዲስ አበባ ይሠራል። ዓመታት ካለፉ በኋላ የአዲስ አበባው ሰው የተሻለ ሲያምረው ለባሕር ዳሩ ይሸጠዋል፤ የባሕር ዳሩ ለደብረ ታቦሩ፤ የደብረ ታቦሩ ለወገዳው። ሊብሬው ላይ ስም እየተቀየረ፣ አንዳንዴም ሳይቀየር በውክልና ብቻ እየተላለፈ መኪናው ጉናን ተሻግሮ ይወርዳል።

ገዢውስ ብሩን ከየት ያመጣዋል? ከስማዳና ከጋይንት ስንት ወጣት በየዓመቱ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ እንደሚወርድ፣ ስንት ሴት ልጅ ሳዑዲ፣ ዱባይና ቤሩት ሰው ቤት እንደምትሠራ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። እህት ከዐረብ አገር የላከችው፣ ወንድም ከበረሃ ይዞት የመጣው፣ አባት በሬ ሸጦ የጨመረበት ተደምሮ አንድ ያገለገለ መኪና ይሆናል። አንድ መኪና የአንድ ቤተሰብ ሥራ ነው፤ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ ጎማ የሚለጥፈውን ያኖራል። የወገዳ ሰው በዕድሜው ከጃፓን መኪና አስመጥቶ አያውቅም። ኑሮው ግን ሩቅ አገር ያለ አንድ ሰው መኪናውን ገና ደህና ሳለ በመሸጡ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ሰንሰለት በአንድ ቀን አልተበጠሰም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ፣ 10 በመቶው ሱር ታክስ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተሰላ ይደረባል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያግድ አውቶሞቢል አንዱ ነበር። የምንዛሪው እገዳ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር የተወሰነው ግን አልተነሳም። አዲስ አበባ ያለው ባለ መኪና አሁን ለምን ይሸጣል? ምትክ ስለማያገኝ የያዘውን አጥብቆ ይዟል። ቢሸጥም ያለፈ ዘመን ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ይጠራበታል። መኪና እንደ መሬት፣ እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ሀብት ሆነ። ወደ ታች ይወርድ የነበረው መኪና እዚያው ላይ ቀረ። ደብረ ታቦር ላይ መኪና ፈላጊ ሲበዛ ሻጭ ጠፋ፤ ወገዳ ላይ ጨርሶ ጠፋ።

እንግዲህ ይህን አስቡት። አሮጌ መኪናን ለማጥፋት የታሰበ ሕግ ለአሮጌው መኪና ዕድሜ ጨመረለት። የ8 ዓመት መኪና እንዳይገባ በተከለከለ ቁጥር የ25 ዓመቱ መኪና ከሥራ አይወጣም። ባሌስትራው ተበይዶ፣ ካምቢዮው ከሌላ መኪና ተነቅሎ ተገጥሞለት፣ ሞተሩ ሁለትና ሦስት ጊዜ ወርዶ ተሠርቶ እንደገና ጨጨሆን ይወጣል። የሚወጣው ጭስ የቀድሞው ነው፤ ፍሬኑ ግን የቀድሞው አይደለም። «አየር ይበክላል፣ ሰው ይገድላል» ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ነው፦ የምትፈሩትን መኪና መንገድ ላይ ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለ ሞቱ ጥቂት ልጨምር። በአገራችን መንገዶች በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል። አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው እየቀለደ አይደለም፤ የቀበረውን ሰው እያሰበ ነው። ሲኖትራክ ደግሞ አዲስ ሆኖ የገባ መኪና ነው። ገዳዩ ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ መኪና ይህን ስም ባላገኘ ነበር። የሚገድለው ትርፍ መጫን ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሾፌር ነው፣ በጭነት ላይ የተሳፈረ ሰው ነው፣ አጥር የሌለው ገደል ነው። ሚኒባስ ሲጠፋ ሰው እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ይወጣል። በገበያ ቀን ከጋይንት ወደ ቆላው በሚወርድ መንገድ ላይ ቆሞ ያየ ሰው፣ ከጆንያው በላይ እናቶች ከነልጆቻቸው ተቀምጠው ሲያልፉ ያያል። የመኪና ቁጥር መቀነስ በእኛ አገር አደጋን አይቀንስም፤ ሰውን ወደ ጭነት መኪና ይሰቅላል።

«ውራጅ» የሚለው ቃል ደግሞ ክብራችንን ስለሚነካ ብዙ ሰው ይማርካል። አፍሪካ የአሮጌ መኪና መጣያ ሆነች የሚለው አነጋገር ባዶ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ወደ ሌላው ዓለም ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻም አፍሪካ ገብቷል፤ ከነዚያም ውስጥ ብዙ የተበላሸ አለ። ጥናቱ ያቀረበው መፍትሔ ግን በሩን መዝጋት አይደለም፤ ላኪውም ተቀባዩም መኪናውን ይመርምሩ የሚል ነው። ኬንያ ያደረገችው ይህን ነው። ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን ትከለክላለች፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ መርከብ ላይ ሳይጫን በመነሻው አገር ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ይይዛል። ናይሮቢ የገባው መኪና ቆይቶ ኪሱሙ ይደርሳል፣ ከኪሱሙም ገጠር ይገባል። ጎረቤታችን ውራጅ በመቀበል ክብሯን አላጣችም፤ የምትቀበለውን መምረጥ ተምራለች። እኛ መምረጥ ስላቃተን ሁሉንም ከለከልን። ዱባይ ላይ መሪ ሲዛወር በትክክል መዛወሩን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ምርመራ ማቆም ይቻል ነበር። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰውን መለየት ይቻል ነበር። እነዚህን ሥራዎች መሥራት ከባድ ስለሆነ መከልከል ተመረጠ፤ ለመከልከል አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

ዶላሩ ላይ ያለው ክርክር ከሁሉም ጠንካራው ስለሆነ ሳላቃልል ልመልሰው። መንግሥት ለነዳጅ የሚያወጣው በዓመት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ይህ እውነተኛ ሸክም ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ መኪናም በዶላር ነው የሚገዛው። አንድ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ከቻይና ለማምጣት የሚከፈለው ዶላር፣ ያገለገሉ ሁለትና ሦስት ትንንሽ መኪናዎችን ያመጣ ነበር። ነዳጁን ማን ያቃጥለዋል ቢባል ደግሞ፣ በአገሪቱ ከተመዘገበው መኪና ግማሽ ያህሉ አዲስ አበባ ነው ያለው። በጠዋት መጨናነቅ ቆሞ ነዳጅ የሚጠጣው እዚያ ነው። ነዳጅ መቆጠብ ከተፈለገ ቁጠባው የሚገኘው እዚያ ነው፤ የስማዳን ጥቂት መኪናዎች በማስቀረት አይደለም።

ግብሩንም ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረገ፤ ሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተወሰነ። በዚህ ማን ተጠቀመ? ሰባት ሰው የሚይዘውን የቮልስዋገን አይዲ 6 ወይም ቢዋይዲ የገዛው የአዲስ አበባ ባለ ሀብት ነው። ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ አስገጥሟል፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ አይቆምም። አልመቀኘውም። ነገር ግን መንግሥት ከባለ ሀብቱ ያልሰበሰበው ግብር እንደ ጋይንት ገበሬ ያለ ሰው ቢረዳበት ይሻል ነበር። ዐረብ አገር ያለች የስማዳ ልጅ ለቤተሰቧ ሥራ የሚሆን የ8 ዓመት መኪና ላምጣ ብትል ግን የመኪናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይጠየቅባት ነበር፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ አይቻልሽም ትባላለች። ይህን ፍትሕ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ስለ ኤሌክትሪኩ ራሱ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የሚያንቀሳቅሰው ውሃ በእስቴና በስማዳ ግርጌ አልፎ የሄደ ውሃ ነው፤ የጉናን አፈርም ይዞ ይወርዳል። ለግድቡ ቦንድ ከገዛው ሰው መካከል የጋይንት አስተማሪና ገበሬ አለ። በግድቡ የሚኮራ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ የለውም፤ ያ ግማሽ የሚኖረው ደግሞ በአብዛኛው እንደ ስማዳ ባለ ገጠር ነው። መስመር ባለበት ከተማም መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣም አቅሙ ይደክማል። መኪናው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመሐሉም የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም የጉና ዳገት አለ፤ ሌሊት ቁሩ ውርጭ የሚያወርድበት አገር ነው፤ ብርድና ዳገት ባትሪን ፈጥነው ይጨርሳሉ። አርብ ገበያ ላይ ባትሪው ያለቀበት ሾፌር ምን ያድርግ? ቢበላሽስ? የቶዮታ ሞተር ነፋስ መውጫ ያለ ጋራዥ ያወርደዋል፤ መለዋወጫው ደብረ ታቦር ይገኛል፤ ባይገኝ ከሌላ ይነቀላል። የኤሌክትሪክ መኪና ችግሩን የሚያየው ኮምፒውተር ነው፤ ባትሪው ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

«ነዳጅስ መች በጋይንት ይገኛል? ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ በጥቁር ገበያ አይደል የሚሸጠው?» ይለኛል አንድ ሰው። እውነት ነው፤ አሳፋሪም ነው። ነገር ግን በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን በትከሻም በበቅሎም ይደርሳል። ሌሊት የደም መፍሰስ ያጋጠማት እናት በር ላይ ስትቆም ሁለት ሊትር ቤንዚን ከየቤቱ ይሰበሰባል። ኤሌክትሪክ በጠርሙስ አይሰበሰብም።

ኤሌክትሪክ መኪና የሚመጣበት ቀን ለጋይንትም ይምጣ። የአገራችን ኃይል ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ ከማንም አገር ይልቅ ለእኛ እንደሚስማማ አምናለሁ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን መኪና፣ የከተማ ታክሲ ይጀምሩት፤ አስቀድመው ሊጀምሩትም ይገባል። ለአንድ ከተማ የሚስማማው ግን ለአገር ሁሉ አይስማማም። መስመሩና ቻርጅ ማድረጊያው መጀመሪያ ይድረስ፤ ክልከላው ከዚያ በኋላ ይምጣ። እስከዚያው ለገጠር ወረዳ የሚውል ያገለገለ መኪና ይፈቀድ። ዕድሜው እስከ 8 ዓመት ይገደብ፤ በመነሻው አገር ተመርምሮ ይጫን፤ መሪው ዱባይ ላይ የተዛወረ ከሆነ ተለይቶ ይታይ። አዲስ አበባ ገብቶ እንዳይቀር ታርጋው በወረዳ ይመዝገብ፤ ለአምስት ዓመት ከዞኑ ውጭ እንዳይሸጥ ይታሰር። ታክሱ በሞተሩ ጥንካሬና በዕድሜው ብቻ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ይመዘን። የስማዳን ሕመምተኛ የሚያደርስ መኪና ከቦሌ የሽርሽር መኪና እኩል ሊታይ አይገባም። ውጭ አገር የሚኖሩ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለወረዳቸው ያገለገለ አምቡላንስ ልንልክ ነው ሲሉ በታክስና በደብዳቤ አይመለሱ።

አሮጌውን መኪና ከመንገድ ማውጣት ከተፈለገም መሣሪያው በእጃችን አለ፤ ቦሎ ነው። ዓመታዊው ምርመራ በወረቀት ሳይሆን በፍሬን፣ በጎማና በጭስ ላይ ይደረግ። ፍሬን የሌለው መኪና ቦሎ ለጥፎ ሲሄድ እያየን ጃፓን ውስጥ የተመረመረውን መኪና ጅቡቲ ላይ መመለስ ከየትኛውም ማስተዋል ጋር አይገጥምም።

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ወክላችሁ የተቀመጣችሁ ሰዎች ይህ የእናንተ ሥራ ነው። የመረጣችሁ ሰው የሚንቀሳቀስበትን መኪና የሚከለክል ውሳኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲነገር፣ የወረዳችሁን መንገድ፣ የመብራት መስመሩንና የአምቡላንሱን ሁኔታ ጠይቃችሁ መናገር ነበረባችሁ። አሁንም አልመሸም። ሚኒስትሩን ጥሩና በስማዳ፣ በታች ጋይንትና በእስቴ ስንት ቻርጅ ማድረጊያ አለ፣ መቼስ ይተከላል ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሚሆን ቁጥርና ቀን እስኪሰጣችሁ ድረስ፣ ያገለገለ መኪና ወደነዚህ ወረዳዎች እንዳይገባ የሚከለክለው ውሳኔ እንዲነሳ አስወስኑ።